ኢንስፔክተር እንድሪስ ያላገኙት ሌባ

ጠዋት ከመካነ ሰላም ተደወለልኝ። «ጋሼ እንድሪስ አረፉ» አለችኝ ልጃቸው። «የትኛው እንድሪስ?» አልኳት። አባቷን እያለቀሰች ለምታረዳኝ ልጅ ሌላ እንድሪስ ልፈልግላት ነው እንግዲህ።

አሁን ወረኢሉ ነኝ። መንገዱ ተዘግቷል ተብሎ ሚኒባሱ ከቆመ አራት ሰዓት ሆነው። ወደፊት አይሄድም፣ ወደ ኋላም አይመለስም። ቀብሩ ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው፤ አልደርስም። ስለዚህ እዚያ ቆሜ መናገር የነበረብኝን እዚሁ መቀመጫዬ ላይ ሆኜ እጽፈዋለሁ።

ለማታውቋቸው፣ ጋሼ እንድሪስ መካነ ሰላም ላይ ወንጀል መርማሪ ነበሩ። የተያዘ ሰው ሲመጣላቸው ስሙን እንኳ ሳይጠይቁ፣ «አብሽር፣ እህል ቀምሰሃል?» ይሉታል። ባልደረቦቻቸው ይስቁባቸው ነበር። ብብታቸው ሥር ደግሞ አንድ የቆየ ልብ ወለድ አይጠፋም፤ ሽፋኑ ተገንጥሎ በካላንደር ወረቀት የተለበደ። እንደሳቸው ሆደ ቡቡ ስለሆነ አንድ የፖሊስ ኢንስፔክተር የሚያወራ መጽሐፍ ነው።

እኔ ያኔ ከከተማው ቁልቁል ወደ ዓባይ በኩል ባለች ቀበሌ አዲስ አስተማሪ ነበርኩ። የትምህርት ቤቱ ሬዲዮ ጠፋ። ልጆቹ ትምህርት የሚከታተሉበት ያው አንዱ ሬዲዮ ነው። ሁሉም ወደ ዘበኛው ወደ አያ ሙሄ አየ። ሽማግሌዎቹም አውጫጭኝ ጠሩ።

አውጫጭኝ ማለት፣ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ሕዝቡ በሙሉ ሜዳ ላይ ይቀመጣል። ወደ ቤትም ወደ ማሳም መሄድ የለም። ወሩ ኅዳር ነበር፤ ጤፉ ደርሶ ይረግፋል፣ ባለቤቱ ተቀምጦ ያየዋል። እናቶች የሚጠባ ልጅ ታቅፈው ዋሉ። አያ ሙሄ ብቻቸውን ድንጋይ ላይ ናቸው፤ አጠገባቸው የሚቀመጥ ጠፋ።

ሬዲዮውን የወሰድኩት እኔ ነበርኩ።

አያ ሙሄ ጁምዓ ሊሰግዱ ሲሄዱ ቁልፉን ጎጇቸው ውስጥ ሚስማር ላይ ይሰቅሉታል። ዜና ሰምቼ ሳይመጡ እመልሰዋለሁ ብዬ በቁልፉ ከፍቼ ሬዲዮውን ይዤ ወጣሁ። ገደሉ አፋፍ ላይ ጥርት ብሎ ይሰማል ይባል ነበር። ከእጄ አመለጠ፣ ቁልቁል ሄደ። ሰኞ እናገራለሁ አልኩ፤ ሰኞ ስደርስ «ተሰረቀ» ተብሎ አገር ተሸብሯል። ገና በሙከራ ላይ ነኝ፤ እናቴ የምትኖረው በኔ ደመወዝ ነው።

መጀመሪያው ቀን ብናገር ይቅርታ ነበር። ሁለተኛው ቀን ላይ የሰው ጤፍ ረግፏል። እያንዳንዱ ሰዓት አፌን ይበልጥ ይቆልፈው ጀመር።

በሦስተኛው ቀን ጋሼ እንድሪስ በበቅሎ መጡ። እያንዳንዱን ለብቻው እየጠሩ ያችኑ ጥያቄያቸውን ጠየቁ። ሰው ሁሉ አማረረ፤ ቆሎ ብቻ ነው፣ ቂጣው ደርቋል እያለ። እኔ ዘንድ ደረሱ።

«አብሽሪ የኔ ልጅ። እህል ቀምሰሻል?»

«አዎ» አልኩ።

የደረቀ ከንፈሬን አዩት። ከኪሳቸው ዳቦ አውጥተው ቆርሰው ሰጡኝ። መዋጥ አቃተኝ። ዳቦውን እንደያዝኩ አይተውኝ ሄዱ።

ከዚያ መሀል ሜዳ ተቀምጠው መጽሐፉን ማንበብ ጀመሩ፣ ጮክ ብለው። ሰዉ ማጉረምረሙን ተወ። አንድ ሽማግሌ «ይኼስ መርማሪ ነው ወይስ ሸኽ?» ብለው አሳቁን። መጨረሻው ላይ ኢንስፔክተሩ ጥፋተኛውን ያውቀዋል፤ ፈርቶ እንጂ ከፍቶ እንዳልሆነም ያውቃል። መዝገቡን ዘግቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ጋሼ መጽሐፉን ከደኑ። «አያ ሙሄ ንጹሕ ናቸው፤ በኔ ይሁንባችሁ። ሌባውን ማግኘት ያቃተኝ እኔ ነኝ። ሂዱ፣ ጤፋችሁን እጨዱ» አሉ። መጀመሪያ የተነሱት አያ ሙሄ ነበሩ፤ የጋሼን እጅ ስመው አለቀሱ።

ከዚያ ወዲህ ገበያ ላይ «ኢንስፔክተር፣ ሬዲዮዋ ዘፈነች?» እየተባሉ ኖሩ። ይስቃሉ። የማዕረግ ዕድገት በተነሳ ቁጥር ያቺ ሬዲዮ አብራ ትነሳለች። በዚያው በኢንስፔክተርነት ጡረታ ወጡ። እኔም ቀልዱን ስሰማ አብሬ ስቄ አውቃለሁ፤ ይኼን ስጽፍ ያሳፍረኛል።

ተዛውሬ ስሄድ መጽሐፉን ሰጡኝ። አውቶቡስ ላይ መጨረሻውን ገለጥኩ። እዚያ ኢንስፔክተሩ እያዘነ ጥፋተኛውን በካቴና አስሮ ይወስደዋል። ጋሼ ያነበቡልን መጨረሻ መጽሐፉ ውስጥ የለም።

ልነግራቸው ሦስቴ ቤታቸው ሄጃለሁ። ሦስቴም የቤተሰቡን ጤና ጠይቄ ተመለስኩ።

የመካነ ሰላም ሰዎች፣ ዛሬ ለቅሶ ላይ ያንን ቀልድ የሚያነሳ አይጠፋም። ሲያነሳ ይኼን አንብቡለት። ሌባዋ እኔ ነኝ። ኢንስፔክተር እንድሪስ ደግሞ በመጡበት በዚያው ቀን አግኝተውኝ ነበር።

ጋሼ፣ ሰዓቱ ደርሷል፤ ይኼኔ እያወረዱዎት ነው። ሚኒባሱ እንደቆመ ነው። አጠገቤ ያሉት እናት ዳቦ ቆርሰው ሰጥተውኝ እጄ ላይ ይዤዋለሁ። አላህ ማረፊያዎን ያስፋልዎት። ያኔ ሲጠይቁኝ ዋሽቼዎታለሁ። እህል አልቀመስኩም ነበር፣ ጋሼ። አሁን እበላለሁ።