የእትዬ ጥርጥር ፊርማ

እትዬ ጥርጥር ትክክለኛ ስማቸው አይደለም፤ እኛ ነን ያወጣንላቸው። በር ከቆለፉ በኋላ ሦስቴ ሳይጎትቱ ንቅንቅ አይሉም። በመሥሪያ ቤታችን የመልእክት ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት የሠሩ ቴክኒሻን ናቸው። እኔ ደግሞ ከጎናቸው የምቀመጥ ጸሐፊ ነኝ፤ አፌ አያርፍም፣ እሳቸው ግን ችለውኛል።

ባለፈው ዓመት ከውጭ አገር ሁለት ሳጥኖች መጡልን። የጻፍነውን ሌላ ሰው እንዳያነበው አመስጥረው በስልክ መስመር ይልካሉ ተባለ። አለቃችን በደስታ ሊፈነዳ! እትዬ "መርምሬ ተቀብያለሁ" ብለው ከፈረሙ ለአሥራ ሁለቱም ቅርንጫፎች ሊገዛ ነው።

"ሳጥኑን የሸጠልን አገር ሰዎች እኮ ሰኞ የበረራ ውል ሊደራደሩ ይመጣሉ" አሉ እትዬ። "ቁልፉን ሠርቶ የሸጠልኝ ሰው ትርፍ ቁልፍ እንዳላስቀረ በምን አውቃለሁ? ልክፈተውና ልየው።"

"ከተከፈተማ ዋስትናው ቀረ" አለ አለቃችን። "እስከ ሰኞ ይፈርሙ፤ አለዚያ ቦታዎን ለሚፈርም ሰው እሰጣለሁ።"

ወይ ድፍረት! ደሜ ፈላ። እትዬ ግን ዓርብ ጠዋት አንዱን ሳጥን አስይዘው ግቢው ጥግ ወዳለው መጋዘን ሰደዱኝ። እንደሰካሁት መልእክታቸው ደረሰኝ፦ "ጥብቅ ምስጢር። አለቃችን ጉልበታቸውን ክፉኛ ታመዋል፤ ደረጃ መውጣት አይችሉም። እንግዶቹ እንዳይሰሙ።"

ሳቄ አመለጠኝ። ሰውየው እኮ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ነው የሚወጣው! አንብቤ አጠፋሁት። ከሁለታችን በቀር ያወቀ የለም፤ ለባሌ እንኳ አልነገርኩም፣ ይህ ደግሞ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም።

ሰኞ እንግዶቹ መጡ። አለቃችን በር ላይ ቆሞ ተቀበላቸው። የእንግዶቹ መሪ በሀዘኔታ ክንዱን ደገፍ አድርጎ፣ "ጉልበትዎን አይጉዱ፤ ስብሰባውን ምድር ቤት እናድርገው" አይለው መሰላችሁ!

"የምን ጉልበት?" አለ አለቃችን።

እንግዳው ፊቱ ቲማቲም መሰለ። እኔ አፌን በመሐረብ አፍኜ ወደ ክፍላችን ሮጥኩ።

እንግዶቹ እንደሄዱ አለቃችን መጣ። እትዬ ያደረጉትን አንድ በአንድ ነገሩት። ሰምቶ ሲያበቃ የመቀበያውን ቅጽ ገልብጦ ጀርባው ላይ "ሳጥኑ አይታመንም፤ አልተቀበልነውም" ብሎ ጻፈ።

"እርስዎ ይፈርሙ፤ እኔም ከሥርዎ እፈርማለሁ" አላቸው።

እትዬ እስክሪብቶ ሊያወጡ መሳቢያቸውን ሳቡ። ባዶ! ነጠላ ጫማቸው የለ፣ ሹራባቸው የለ፣ የልጆቻቸው ፎቶ የለ።

"ዓርብ ስወጣ ለቃቅሜ ወሰድኩት" አሉ አንገታቸውን ደፍተው። "ስታባርሩኝ ዕቃዬን ስሰበስብ እንዳታዩኝ ብዬ።"

ለካ ፈርተው ኖሯል! እኔ መጋዘን ውስጥ ስስቅ፣ እሳቸው ከሥራ እባረራለሁ ብለው እያሰቡ ነበር ያንን የጻፉት።

አለቃችን የራሱን እስክሪብቶ አውጥቶ ሰጣቸው። ሲፈርሙ ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም።

"መኪና ልላክና ዕቃዎን እናስመጣው?" አለ ቀስ ብሎ።

"ተው ልጄ" አሉት፤ "ነገ ራሴ ይዤው እመጣለሁ።"