ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

ሴትየዋ በልዩ ትእዛዝ የተገጣጠመውን የጌም ኮምፒውተር እንደ ሕፃን ታቅፋ፣ ዓረብ አገር፣ ሸረፊያ ሰፈር ካለው የምናሴ መጠገኛ ሱቅ ገባች። የአባያዋ እጅጌ በበረኪና ቀልቷል። ተቀመጪ እስክትባል ቆማ ጠበቀች።

«የማዳም ልጅ ሲጫወትበት ቀጥ ይላል። አንቺ ነሽ ያበላሸሽው እያሉኝ ነው» አለች።

ምናሴ ከፍቶ ፈታተሸው። ሁሉም ደህና ነው፤ ሲግል ብቻ ነው የሚቆመው። ከላይ፣ አየር ማስወጫው ላይ ነጭ ክር ተሰንቅሮ አገኘ።

«ምን አልብሰሽው ነበር፣ እህቴ?»

ከቦርሳዋ በእጇ የሠራችውን ዳንቴል አወጣች። «አቧራ እንዳይገባው ብዬ ነው። እኛ አገር ቴሌቪዥን ይለብስ የለ?»

«በቃ፣ እሱ ነው ያፈነው። ከተነሳለት ይድናል» አላት፣ የምትደሰት መስሎት።

ዳንቴሉን አጣጠፈችው፤ መልሳ ዘረጋችው፤ ደግሞ አጣጠፈችው።

«‹እኔ አይደለሁም፣ ልጄ ትሙት› ብዬ እኮ ምዬላቸዋለሁ» አለች፣ ቀና ሳትል።