ከሽምግልናው መሀል ስነሳ

ስትሮክ ግራ ጎኔን ከመታኝ ወዲህ ሽንቴ አልታዘዝ ብሎኛል። ሰቆጣ የምታክመኝ ነርስ «አባባ፣ እስኪያጣድፍዎት አይጠብቁ፤ ሰዓትዎን ጠብቀው ይሂዱ» ብላኛለች።

በቀደም በእርሻ ድንበር የተጣሉ ወንድማማቾችን ልናስታርቅ ተቀመጥን። ታናሽየው ብንለምነው፣ እግዚአብሔርን ብንጠራበት «ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልታረቅም!» እያለ ረፋዱን ፈጀው። በዚህ መሀል የእኔ ሰዓት ደረሰ። ሽማግሌ በሸንጎ መሀል «ሽንቴ መጣ» ይላል እንዴ? ምንም ሳልናገር ምርኩዜን ይዤ ተነሳሁና ከአጥሩ ጀርባ ሄድኩ።

ስመለስ ያ ግትር ሰውዬ ድንጋይ ተሸክሞ እግሬ ላይ ወደቀ።

«አባቴ፣ ተቆጥተው፣ ረግመውኝ አይሂዱ! ታርቄያለሁ!»

ደሜ ፈላ። ያን ሁሉ ልመናዬን ከቁብ ሳይቆጥር ለሽንቴ ይንበርከክ?

«ማን ረገመህ? እኔ እኮ የሄድኩት...» ስል፣ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ዘሎ አፌን በጋቢው አፈነው።