የአብዱልበሲጥ ተራ

ሱምያ ዓባይ ማዶ ባለው የአባቷ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ነው ያደገችው። ገበያ ሲቀዘቅዝ ስልኳ ላይ ታቀረቅራለች። በአማርኛ ከሚተረጎሙት የቱርክ ድራማዎች ትዕይንት እየቆረጠች፣ የፍቅር ዘፈን እየገጠመችበት ቲክቶክ ላይ ትለጥፋለች። ሥራ ፈት ያሏት ብዙ ናቸው። ይበሉ! ባሏን ያገኘችው በዚሁ ሥራ ፈትነቷ ነው።

አብዱልበሲጥ የወረታ እህል ነጋዴ ልጅ ነው። መጀመሪያ የጻፈላት ሊተቻት ነበር። «የምታለቅሰው ሴቷ ናት፤ አንቺ የምትለጥፊባት ወንድ ‹አንቺ› እያለ የሚዘፍነውን። ማን ለማን ነው የሚያለቅሰው?» አላት። ሱምያ ተናደደች። «እንግዲያው የወንዱን አንተ ሥራ!» አለችው፤ ሠራ። ከዚያ ወዲያ ገጹ የሁለቱ ሆነ። ለሴቷ «አንተ» የሚለውን የሴት ዘፈን እሷ ትመርጣለች፤ ለወንዱ «አንቺ» የሚለውን እሱ። አንዱ ሲለጥፍ ሌላው በተራው ይመልሳል፤ ተከታዮቻቸውም ዘፈኑን ሰምተው የማን እንደሆነ ያውቃሉ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ በጨዋታ የጀመሩት ኒካህ ታሰረበት። ሠርጉ ብቻ ቀረ።

አብዱልበሲጥ ሽንብራ ሊጭን ቆላ ድባ ሄደ፤ መንገዱ ተዘጋ፤ ስልኩም ጠፋ፤ እንደሄደ ቀረ። ቤተሰቡ ያልጠየቀው ሹፌር፣ ያልሄደበት ፖሊስ ጣቢያ የለም። ለሞተስ ይለቀሳል፤ ለጠፋ ሰው ምን ይደረጋል? ሱምያ ዕንባዋ በመጣ ቁጥር «አታሟርቺ!» ይሏታል። የቀራት የጋራ ገጻቸው ነው። የትም ይሁን ዳታ ካገኘ ያያል ብላ «አንተ» የሚለውን ዘፈን ሁሉ ለጠፈች። መልስ የለም። ከሥር የሚጽፉት «ተኳረፋችሁ እንዴ?» እያሉ ይሳሳቃሉ። አያውቁም፤ ቢሆንም ያቃጥላል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ግን አላስቻላትም። ወንዱ በር ላይ ቆሞ ዞር ብሎ የሚያይበትን ትዕይንት ወሰደች፤ «ጠብቂኝ» የሚል የወንድ ዘፈን ገጥማ ለጠፈችው። ማንንም ልታታልል አልነበረም። አንድ ጊዜ «አንቺ» የሚላት አምሯት ነው። እየደጋገመች ሰማችው፤ ለጥቂት ጊዜም እውነት መሰላት።

በማግስቱ የአብዱልበሲጥ እናት፣ እማማ ሸሪፋ፣ የዒድ ልብሳቸውን ለብሰው ከወረታ መጡ። የልጆቹን ጨዋታ እሳቸውም ያውቁታል። ሱቁ ደጃፍ ላይ እልልታቸውን አቀለጡት።

«አልሐምዱሊላህ! የጎረቤት ልጆች አሳዩኝ፤ በጆሮዬ ሰማሁት፤ ‹ጠብቂኝ› አለሽ! ልጄ ተገኘ!»

ሱምያ በርጩማ አቀረበችላቸው፤ እሳቸው ግን አልተቀመጡም።

«ምን ብለሽ መለስሽለት? አሁን ያንቺ ተራ አይደል? ኧረ አታስጠብቂው፣ ልጄ!»

ልትዋሽ አሰበች። አዎ ብትል ሴትዮዋ ዛሬን ደስ ብሏቸው ያድራሉ። ነገስ? ነገ የት ነው ያለው ይላሉ፤ ከነገ ወዲያም ይጠይቃሉ።

«እማማ፣ እኔ ነኝ የለጠፍሁት» አለች። «ዘፈኑንም የመረጥሁት እኔ ነኝ። እሱ አልመለሰም። ናፍቆኝ ነው፤ አላህን ይዤ እለምንዎታለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

ነገሩ ቶሎ አልገባቸውም። ሲገባቸውም አልጮኹ፤ አልረገሟት። የያዙትን ቋጠሮ ጨርቁ መሀል አስቀምጠው ፈቱት። ሥጋ ነበር።

«ልጄ የተገኘ ቀን አርደዋለሁ ብዬ የተሳልሁትን በግ ዛሬ ጧት አሳረድሁት» አሉ። «ለድሆችም አከፋፈልሁት። አሁን አላህን በምን ልለምነው?»