ለሣር ማጨጃ የተሠራ አፈር መግፊያ

ቀበሌያችን ከተወረሰ ቪላ ያገኛት አንዲት ትንሽ ትራክተር ነበረችው። የቪላው ባለቤቶች የግቢያቸውን ሣር ያጭዱባት ነበር። ቪላው የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሲሆን ሣሩ በተሰብሳቢ እግር አለቀ፤ ትራክተሯም ሥራ ፈትታ ከቆርቆሮ ዳስ ስር ቆመች። ማጨጃዋን አንድ ሰው ፈትቶ ወስዶታል። ፒያሳ ውስጥ ምን ሊያጭድበት እንዳሰበ እስከ ዛሬ አልተገለጠልኝም።

የእኔ ዘመን ሰዎች ስለ ደርግ ጊዜ ሲጽፉ ጸሐፊው ወይ ጀግና ነው ወይ ሰለባ። አንዳንዶቹ ሁለቱም ናቸው፤ በተለያየ ምዕራፍ። እኔ ግን ከዚያ ዘመን አንዱን ግንቦት በሙሉ ያሳለፍኩት ስለ አፈር ሳስብ ነው።

ምክንያቱ አክስቴ ናት። ያሳደገችኝ እሷ ነበረች፤ ያን ጊዜ ሰባ ዓመት አልፏታል፤ እኔም ወጣት አስተማሪ ሆኜ አብሬያት እኖር ነበር። ቤታችን ከውቤ በረሃ ቁልቁል በሚወርድ ቅያስ መጨረሻ፣ በስተቀኝ ነበር። ቅያሱ አስፋልት አያውቅም። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ የላይኛውን ሰፈር ሁሉ ሳይነካ አልፎ እኛ ቤት ይገባል። ባለፈው ክረምት አልጋው እግር ድረስ ደርሶ ስለነበር የቀበሌው ሊቀመንበር መጥቶ አየና ውሳኔውን ነገረን። በሚመጣው ክረምት ውኃ ከገባ ቤቱ ለመኖሪያ ብቁ አይደለም ተብሎ ይዘጋል፤ አክስቴም ከከተማው ዳር ሌላ ቤት ይሰጣታል። ለደህንነቷ ነው አለ። አክስቴ አርባ ዓመት የኖረችበትን ሰፈር፣ ቤተ ክርስቲያኗንና እድሯን ለደህንነቷ ልትለቅ ነው።

“እዚያ ሄጄ ብሞት ማን ይቀብረኛል?” አለችኝ። “ጅብ?”

መፍትሔው ለመናገር ቀላል ነበር። የመንገዱን አፈር ወደ እኛ በር ገፍቶ ከፍ ማድረግ፣ በማዶው በኩል ደግሞ ቦይ ማውጣት። ችግሩ መሬቱ ነው። በበጋ ፀሐይ ደርቆ፣ በእግርና በጋሪ ተጠቅጥቆ፣ ዶማ ስናሳርፍበት ዶማውን መልሶ ይወረውርብን ጀመር። ትራክተሯን ያስታወሰው ከላይ ቤት የሚኖረው በያጅ ነው፤ ከኋላዋ የሚታሰር አፈር መግፊያ ብረት እሠራላታለሁ አለ። ፀጉሩ እስኪሸብት ጣልያን ጋራዥ የሠራ፣ በብረት እንጂ በሰው የማያምን ሽማግሌ ነበር። ሊቀመንበሩም ሲጠየቅ ወዲያው ፈቀደ፤ የቆመች ትራክተር ለሪፖርት አትመችም።

እኔ እንደ ልማዴ መጽሐፍ ፍለጋ አራት ኪሎ ወጣሁ። ያገኘሁት መጽሐፍ ውስጥ ያለው ትራክተር የእኛን አራት እጥፍ ቢሆንም ሥዕሉን ገልብጬ ለበያጁ አመጣሁለት።

“ጋሼ፣ የመግፊያው ማዕዘን እንዳስፈላጊነቱ ይቀያየራል ይላል መጽሐፉ።”

“መጽሐፉ ብየዳ ይችላል?”

“አይችልም።”

“እንግዲያው ዝም ይበል። የሚንቀሳቀስ ነገር ይሰበራል፣ መምህር። እኔ የምበይደው ለአንዴ ነው።”

ለአንዴ በየደው። የመግፊያውን ገላ ከተጣለ የውኃ ቦቴ ቅርፊት ቆረጠ፤ ቦቴው በተፈጥሮው ጎበጥ ያለ ስለሆነ አፈሩን ይጠቀልላል። መሬት የሚነክሰውን አፉን ከጭነት መኪና ባሌስትራ ሠራው። ከትራክተሯ ኋላ በሁለት ክንድ ብረት አሰረውና ማንሻውን ከሞተች መኪና የእጅ ፍሬንና ከሰንሰለት አበጀለት። መግፊያው ሰያፍ ስለተበየደ አፈሩን ሁልጊዜ ወደ ትራክተሯ ቀኝ ይጥላል። ቁልቁል ስንወርድ ቀኙ የእኛ በር ነው፤ ጥሩ። ሽቅብ ስንመለስ ግን ቀኙ ማዶ፣ ማለትም ቦዩ ነው። ስለዚህ ስንመለስ መግፊያው መነሳት አለበት። ጉዳዩ ይኸው ብቻ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ደጋግመን ተነጋግረንበታል።

ቅዳሜ ጠዋት በያጁ ነዳ። መግፊያው መሬቱን እንደ ካውያ ተኩሶት አለፈ፤ አንድ ጭብጥ አፈር አላነሳም። ክብደት አጣ። ሁለት ጆንያ አሸዋ ጫንንበት፤ ጆንያዎቹ ሃያ እርምጃ ሳይሄዱ ተቀደው መንገዱን አሸዋ አለበሱት።

“እኔ ልቀመጥበት” አለች አክስቴ ከበሯ ላይ።

“እትዬ፣ እርስዎ ከነጋቢዎ አርባ ኪሎ አይሞሉም” አለ በያጁ።

“አንተ ደግሞ መቼ መዘንከኝ?”

ይህን ጊዜ ሊቀመንበሩ ሥራውን ሊጎበኝ መጣ። በዚያ ዘመን ወፍራም ሰው ብርቅ ነበር፤ ያሉትም የሚገኙት አንድ ቢሮ ውስጥ ነው። በያጁ ከእግር ጥፍሩ እስከ ኮፍያው ተመለከተው።

“ጓድ ሊቀመንበር፣ ሥራውን ከላይ ሆነው ቢመሩልን?”

“ከላይ ከየት?”

“ከዚች ብረት ላይ።”

ሊቀመንበሩ ወጣና የወንበሩን ጀርባ ይዞ ቆመ። ባሌስትራው መሬቱን ነከሰ። አፈሩ እየተጠቀለለ ወደ እኛ በር ተገፋ፤ በማዶ በኩል የሚያምር ቦይ ተከፈተ። ሰው ከየደጁ ወጥቶ አጨበጨበ። ያጨበጨቡት ለአፈሩ እንደሆነ እርግጠኛ ነኝ፤ ሊቀመንበሩ ግን እጁን አነሳላቸው።

ቅያሱ መጨረሻ ስንደርስ በያጁ የእጅ ፍሬኑን ሳበ። መግፊያው አልተነሳም። መቶ ኪሎ ቆሞበታል።

“ጓድ ሊቀመንበር፣ ዳገቷን በእግር ቢያዘግሙልንስ? ትራክተሯም ትንሽ ትተነፍስ ነበር።”

“በእግሬ? ሕዝቡ እያየ? ንዳ!”

በያጁ እኔን አየኝ። እኔ ከደመወዜና ከአንገቴ ጋር ተማክሬ ዝም አልኩ። ሽቅብ ነዳ፤ ስንወርድ የቆፈርነውን ቦይ ስንወጣ ደፈንነው። ሊቀመንበሩ ስለተመቸው አራት ጊዜ ወረድን፣ አራት ጊዜ ወጣን። ማምሻው ላይ ቅያሱ እንደ ጠረጴዛ ተስተካክሏል። እንደዚያ ያማረ መንገድ በሰፈሩ ታይቶ አያውቅም። ሊቀመንበሩ በሳምንቱ፣ ቅያሱ በእሱ አመራር በራስ ኃይል እንደተሠራና የጎርፉ ችግር ለዘለቄታው እንደተወገደ፣ ከቀበሌ በላይ ላለው ለከፍተኛው ጻፈ።

የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በሰኔ መጨረሻ ጣለ። ያለፈው ዓመት ጎርፍ ቢያንስ በየጉድጓዱ እያረፈ ይመጣ ነበር። ይኸኛው የተስተካከለውን መንገድ ይዞ፣ የሚያዘገየው ነገር ሳያገኝ፣ ቀጥ ብሎ ገባ። እኔ የአክስቴን ሣጥን አልጋ ላይ ልጭን ብቻዬን ስታገል ሊቀመንበሩ ዝናብ ልብሱን ደርቦ፣ ማስታወሻውን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። አንድ እርምጃ ገባ። ውኃው ጫማውን አለፈ።

“ይሄ ምንድን ነው?” አለ።

አክስቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ እግሯ ውኃው ውስጥ ነው። “ወለል ሳጥብ ደረሱብኝ፣ ጓድ ሊቀመንበር።”

ወለላችን አፈር ነው።

ሊቀመንበሩ ወለሉን አየ። ቀጥሎ በሩን አየ፤ ውኃው ገና እየገባ ነበር፤ የማን እንደሆነ የማይታወቅ አንድ ነጠላ ጫማም አብሮት ገባ። ቤቱ ጎርፍ ገብቶበታል ብሎ ቢጽፍ ጎርፉ የመጣው በየትኛው መንገድ ነው መባሉ አይቀርም። ይህን ሲያስብ ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር፤ ጊዜም ወሰደበት።

“ንጽሕና ጥሩ ነው” አለ በመጨረሻ። ማስታወሻውን ገልጦ፣ የሚጽፈውን ጮክ ብሎ እያነበበ ጻፈ፤ “በመንገዱ ሥራ ምክንያት ቤቱ ደረቅ ሆኖ ተገኝቷል። ለመኖሪያ ብቁ ነው።” ፈረመበት።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “እናቴ፣ እግርዎን ከውኃው ያውጡ። ብርድ ይመታዎታል።”

“ከየትኛው ውኃ?” አለችው አክስቴ።

ሊቀመንበሩ ማስታወሻውን ኪሱ ከተተና የሣጥኑን አንድ ጫፍ ያዘ፤ እኔ ሌላውን። አልጋው ላይ አወጣነው። ኮፍያውን አስተካክሎ ወጣ።

በማግስቱ መሬቱ ረጥቦ እንደ ሊጥ ስለነበር እኔና በያጁ ቦዩን በአካፋ ከፈትነው። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አለቀ። ሊቀመንበሩ በመሃል በአጠገባችን አለፈ፤ ሰላምታ ሰጠን እንጂ ምን እንደምንቆፍር አልጠየቀንም።