ሮይስ ታኬት አባቱን ሰካራም ያደረገበት ዘፈን

ሮይስ ታኬት ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን የሚያውቁት ሁሉ ይመሰክራሉ። በሠላሳ ዓመት የካንትሪ ዘፋኝነቱ ከአንድ ሙዚቀኛ ጋር እንኳ አልተቀያየመም። አውቶቡሱ መንገድ ላይ ሲቆም ይስቃል፤ ዝግጅት ሲሰረዝበት «ይሁን፣ ዓሣ እናጠምዳለን» ይላል። ድምፁም እንደ ጠባዩ ለስላሳ ነበር፤ ሰው መኪና እየነዳ ሳያስበው አብሮ የሚያንጎራጉረው ዓይነት። የካንትሪ ሙዚቃ መዲና የሆነችው የናሽቪል ነጋዴዎች የወደዱትም ለዚሁ ነው። እሺ ይበልጣል ከሺህ እንዲሉ፣ ከሮይስ አፍ ከእሺ በቀር የሚወጣ ነገር አልነበረም።

ጉዱን የሠራው ያ እሺታ ነው። በወጣትነቱ ስለ አባቱ አንድ ዘፈን ጽፎ ለዘፈን አሳታሚ ይዞ ሄደ፤ ደብዳቤ አዳዩ ቨርጂል ታኬት ልጁን ቅዳሜ ቅዳሜ በአሮጌ ፒካፕ ጭኖ ከአንዱ የዘፈን ውድድር ወደ ሌላው እንዴት እንዳመላለሰው የሚተርክ ነበር። አሳታሚው እግሩን ጠረጴዛ ላይ ሰቅሎ አዳመጠ።

«ደግ ዘፈን ነው፤ ግን ጨው የለውም» አለው። «አባትህ ይጠጣል?»

«ኧረ በጭራሽ! የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ እኮ ነው። የሳል ሽሮፕ እንኳ አልኮል ይኖረዋል ብሎ አሽትቶ ነው የሚመልሰው።»

«እንግዲያው ዘፈኑ ላይ ይጠጣ። ጠርሙሱን ከፒካፑ መቀመጫ ሥር ይደብቅ። መጨረሻ ላይ ለልጁ ሲል ይተወዋል፤ ሰዉም ያለቅሳል። ምን ትላለህ?»

ሮይስ «እሺ» አለ።

ዘፈኑ አገር አዳረሰ። ካንትሪ ወዳጅ ደግሞ ያልኖረበትን የሚዘፍን ሰው አይወድም፤ ዘፋኙ ጊታሩን ከመነካካቱ በፊት የቤቱን ታሪክ ማውጋት አለበት። ስለዚህ ሮይስ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በየመድረኩ አባቱን አሰከረው። አባቱ ነገሩን አንድም ቀን አላነሣበትም። ሮይስም አልጠየቀም። ስልክ ሲደዋወሉ ስለ ዝናቡና ስለ ቲማቲሙ ተጫውተው ይዘጋሉ።

በሃምሳ አራት ዓመቱ፣ ዘመድ ተሰብስቦ የሙታኑን መቃብር በሚያጸዳበትና በአበባ በሚያስጌጥበት የግንቦት እሑድ፣ ሮይስ ኬንታኪ ተራሮች ውስጥ ወዳለው መንደሩ መጣ። ከዛፎቹ ሥር ረጅሙ ጠረጴዛ ተዘርግቶ፣ የተጠበሰ ዶሮው በየሳህኑ ተቆልሎ ነበር። በእናቱ መቃብር ላይ ያኖረውን አበባ አስተካክሎ ቀና ሲል፣ አንዲት የማያውቃት ሴት ከአባቱ ጋር ስትነጋገር ሰማ።

«ወንድም ቨርጂል፣ ሮንዳ እባላለሁ። ሁለት ሰዓት ነድቼ ነው የመጣሁት። በልጅዎ ዘፈን ነው የማውቅዎት። ባሌ ይጠጣል። እርስዎ እንዴት አድርገው ተዉት?»

የሰማንያ አራት ዓመቱ ሽማግሌ ባርኔጣውን በጣቶቹ አዞረ። አሻግሮ ልጁን አየው።

«በእግዚአብሔር ርዳታ ነው፣ እህቴ» አላት። «ዛሬን ብቻ፣ ነገም ዛሬን ብቻ እያልኩ።»

ሮይስ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። አባቱ ሲዋሽ ሰምቶ አያውቅም። ይባስ ብሎ ሽማግሌው አልተደናቀፈበትም፤ የለመደው ውሸት ነው። እስከ ዛሬ ስንቱ መጥቶ ጠይቆት ይሆን?

ከምሳ በኋላ ፓስተሩ ማይክሮፎኑን አቀበለው። «ወንድም ሮይስ፣ በል እንጂ! ያቺን የአባትህን!»

ሮይስ ጊታሩን አንግቶ ቆመ።

«አባቴ ጠጥቶ አያውቅም» አለ። «አንድም ቀን። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

የዶሮ እግር የያዘ አጎቱ ከኋላ፣ «እኛማ እናውቃለን! ማን ጠየቀህ?» ሲል ጥቂቶች ሳቁ። ሮይስ ደረቱ ቀለል ሊለው ሲል ሮንዳን አያት። የምታየው እሱን አልነበረም፤ አባቱን ነው።

ቨርጂል ጠረጴዛውን ተደግፎ ተነሣ። «እህቴ፣ ቅድም የነገርኩሽ ውሸት ነው። ልጄን ላለማዋረድ ብዬ ነው። በእናቱ መቃብር አጠገብ ቆሜ ዋሸሁሽ። ይቅር በይኝ።»

አርባ ዓመት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆኖ ሰውን ሲመክር የኖረ ሰው በጎረቤቶቹ ፊት አንገቱን ደፋ። ሮይስ እንዲህ ሆኖ አይቶት አያውቅም። መጀመሪያ በውሸቱ፣ አሁን ደግሞ በእውነቱ ያስደፋው እሱ ነበር። ከዚያ በኋላ ዝፈን ያለው የለም።

«አባባ፣ ስምህን ላነጻ ብዬ እኮ ነው» አለው ቀርቦ።

«እዚህ ማን አቆሸሸው? የሚያውቀኝ ያውቀኛል። እኔ ስጠብቅ የኖርኩት ለእኔ እንድትነግረኝ ነበር፣ ልጄ። ቤት ውስጥ፣ ሁለታችን ብቻ ሆነን። ከሰዉ ሁሉ ጋር እኩል ሰማሁት። በል ና፣ ልጅቷ ልትሄድ ነው።»

ሮንዳ የመኪናዋን በር ስትከፍት ደረሱባት። አልተቆጣችም፤ ደክሟታል። «ታዲያ ማንን ልጠይቅ?» አለቻቸው።

ሮይስ በባንዱ ውስጥ ስቲል ጊታር የሚጫወትለትን ቡፎርድን አሰበ። ቡፎርድ መጠጥ ካቆመ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሮይስ ግን እንዴት እንደተወው አንድ ቀን እንኳ ቁም ነገር ብሎ አልጠየቀውም። የቡፎርድን ስልክ ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፎ፣ «መጠጥ የተወ ጓደኛዬ ነው፤ እሱን ጠይቂው» ብሎ ሰጣት።

«ይቺ ሰባት ናት ወይስ አንድ?» አለችው።

«ሰባት።»

ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። የሽማግሌውን እጅ ይዛ ብዙ ቆየች፤ ሮይስም እጁን ዘርግቶ ነበር፣ አላየችውም፤ ሞተሩን አስነሥታ ሄደች።