ያመለጥኩት ሰው ምስክርነት

ያኔ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል አስተምር ነበር። ልጆቹን ንባብ እያስነበብኩ ሳለ ርእሰ መምህሩ በሩ ላይ ቆሞ በእጁ ጠራኝ። ከኋላው ሁለት ፖሊሶች ነበሩ። አንደኛው ስሜን ከነአባቴ ጠርቶ እኔ መሆኔን ጠየቀኝ። ነኝ አልኩት።

«እሱን ነው የምናጣራው» አለኝ።

ጠመኔው እጄ ላይ እንዳለ ወደ ፍኖተ ሰላም ወሰዱኝ።

መርማሪው ነገሩን ሲያስረዳኝ መጀመሪያ አልገባኝም። ስሟ ከእኔ ጋር እስከ አያት ድረስ አንድ የሆነ ሴት ከሳኛለች። ቡሬ አሥረኛ ክፍል የተፈተነችው እሷ መሆኗን፣ እኔ ግን በዚያ ዓመት ባል አግብቼ ትምህርቴን መተዌን፣ መምህርት የሆንኩትም በእሷ ውጤት መሆኑን ተናግራለች። ክሱ በሌላ ሰው ማንነትና ማስረጃ መገልገል ነው ተባልኩ። እንደሚያሳስር ነገሩኝ።

ያስፈራኝ ግማሹ እውነት መሆኑ ነው። በዚያ ዓመት ሳልፈልግ ድረውኛል። ዐቃቤ ሕግ የቆጠራቸው ምስክሮች ሰርጌን የበሉ ያገሬ ሰዎች ነበሩ፤ አልዋሹም። ከሰርጉ በኋላ ጠፍቼ ቡሬ አክስቴ ቤት ገብቼ መፈተኔን የምታውቀው አክስቴ ደግሞ ሞታለች። የፈተናው መዝገብ ላይ የተለጠፈው ፎቶግራፍ ወልቆ ጠፍቷል። ያስተማሩኝም ተበታትነዋል።

አጎቴ ዋስ ሆኖኝ ወጣሁ። መውጣቱ ግን አላሳረፈኝም። ባጃጅ ደጃችን ላይ በቆመ ቁጥር ጓዳ እገባለሁ። ገበያ ላይ ስሜን የጠራ ሁሉ ሊይዘኝ የመጣ ይመስለኛል። አንዳንዴ ከዚያ የከፋ ሐሳብ ይመጣብኛል፤ በእርግጥ ተፈትኜ ነበር? እያልኩ ራሴን እጠይቃለሁ።

ጠበቃዬ የፈተናው ቀን ያየኝ፣ ዘመዴ ያልሆነ ሰው እንዳለ ጠየቀኝ። አንድ ሰው አለ አልኩት። ያመለጥኩት ባሌ ነበር።

እናቴ አትሂጂ ብላ ለመነችኝ፤ ቂም ይዞ ይሆናል ብላ ፈርታ ነበር። እኔም ፈርቻለሁ። በኋላ ግን አብራኝ ሄደች። አውድማ ላይ ጤፍ ሲያበራይ አገኘነው። ሌላ ሚስት አግብቶ ልጆች ወልዷል፣ ጠጉሩ ሸብቷል። በሬዎቹን አቁሞ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«ያን ጊዜ አገር ፊት አዋረድሽኝ» አለ። «አሁን ደሞ ፍርድ ቤት ቆሜ ያንኑ ውርደቴን እንድናገርልሽ ነው የመጣሽ?»

«አዎ» አልኩ። «ካልመጡልኝ እታሰራለሁ።»

የቀጠሮውን ቀን ነገርኩት። ወደ በሬዎቹ ተመለሰ።

የቀጠሮው ቀን ፍርድ ቤቱ ግቢ ውስጥ ሆኜ በሩን በሩን አይ ነበር። ችሎቱ ተሰየመ፤ አልመጣም። ጠበቃዬ ሌላ ቀጠሮ ሊጠይቅ ሲነሣ፣ ጋቢውን እንደለበሰ ከኋላ ቆሞ አየሁት። እንዲያውም ይበልጥ ፈራሁ፤ በእኔ ላይ ሊናገር የመጣ መሰለኝ።

ማለ። ዳኛው በዚያ ዓመት እቤቱ እንደ ነበርኩ ጠየቁት። መሬት መሬት እያየ ተናገረ።

«ቤቴ አልነበረችም። ጠፍታብኝ ነበር። የፈተናው ቀን ይዣት ልመለስ ከወንድሜ ጋር ቡሬ ሄጄ ነበር። ስትገባ አይቻታለሁ፤ ዘበኛው እኛን ከለከለን። ስትወጣም አየኋት። ከተማሪው ጋር ተደባልቃ አመለጠችን።»

ከኋላ ሰው ሳቀ። እሱ ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቀ። ዐቃቤ ሕጉ ለእኔ መመስከሩ ምን እንደሚጠቅመው ጠየቀው።

«ምን ይጠቅመኛል፣ ሲሳቅብኝ ሰምተዋል» አለ።

ውጭ ላመሰግነው ስሮጥ ጋሪ ላይ ወጥቷል። ለእናቴ ብቻ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሄደ።

ዐቃቤ ሕግ ክሱን የመሠረተው አልተፈተነችም በሚለው ላይ ስለነበር፣ በቀጣዩ ቀጠሮ በነጻ ተሰናበትኩ። ፍርዱ ሲነበብ ጆሮዬ ግማሹን አልሰማም፤ ጠበቃዬ ትከሻዬን ሲነካኝ ነው ያለቀ መሆኑን ያወቅሁት።

ከሳሿ ከግቢው አጥር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ታለቅስ ነበር። እሷም በዚያ ዓመት ተፈትና ይሆናል፤ ውጤቷ የት እንደ ገባ ያጣራላት ሰው መኖሩን እስከ ዛሬ አላውቅም። ሄጄ ላነጋግራት አሰብኩ። ግን የተፈረደልኝ ይገለበጥ ይመስል ወደ እሷ መራመድ ፈራሁ። እናቴ ክንዴን ይዛ ወደ መናኸሪያ ወሰደችኝ።

ወደ ክፍሌ ስመለስ ልጆቹ የት እንደ ሰነበትኩ ጠየቁኝ። አሞኝ ነበር አልኳቸው።